በአንድ ሜይል ስንት ተቀባይ ይፈቀድ? የቢሮ ሰርቨር ላይ ገደብ ስለማበጀት

አወቱ_ማዶ · ሰኞ ጠዋት 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ። ሜይል ሰርቨራችን የራሳችን ነው። ኡቡንቱ ላይ ሜይሉን የሚያመላልሰው ፖስትፊክስ፣ ለተጠቃሚው ደግሞ በብራውዘር የሚከፈተው ዌብሜይል፣ ራውንድኪዩብ። አብዛኛው ሰው በዌብሜይል ነው የሚጠቀመው፤ ጥቂቶች አውትሉክ አላቸው። በጠቅላላው 300 አካውንት አካባቢ ነው።

ቅዳሜ ሌሊት የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ሌባ እጅ ገብቶ በእሱ ስም ስፓም ሲበተን አደረ። እሁድ ቢሮ ዝግ ነው። ዛሬ ጠዋት ስገባ ወረፋው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሜይል ተከምሯል፤ አይፒያችንም (የሰርቨራችን የኢንተርኔት አድራሻ) ብላክሊስት፣ ማለትም የስፓም ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ጀርመን ላለ ገዢ የላክነው የናሙና ሰነድ ተመልሶ መጣ። ኤክስፖርት ክፍል አሁን በስልክና በዋትሳፕ እየተሯሯጠ ነው።

አካውንቱን ዘግቻለሁ፣ ወረፋውን አጽድቻለሁ፣ ከዝርዝሩ እንዲያወጡንም አመልክቻለሁ። ጥያቄዬ ስለ ወደፊቱ ነው። አለቃዬ «ከእንግዲህ ማንም ሰው በአንድ ሜይል ከ20 ሰው በላይ አይልክም» ብሏል። ፖስትፊክስ ለዚህ የሚሆን መቼት አለው፤ ዲፎልቱ (ካልነካኸው የሚሠራው ቁጥር) 1000 ተቀባይ ነው። 20 ብዬ ብዘጋው ይበቃል? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ቀዩ_መብራት · ሰኞ ጠዋት 3:52

ቅዳሜ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጄኔሬተራችሁን ውቀሱ።

ወረፋ_ጠባቂ · ሰኞ ጠዋት 4:15

አይዞህ፣ ሜይል ሰርቨር ይዞ ይሄ ያልደረሰበት ሰው አላውቅም። ግን 20 ብለህ ከመዝጋትህ በፊት የቅዳሜን ሎግ (ሰርቨሩ ሥራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) አይተህ ና። ፖስትፊክስ እያንዳንዱን ሜይል ወረፋ ሲያስገባ «ኤንአርሲፒቲ» ብሎ ቁጥር ይጽፋል። የተቀባዩ ብዛት ነው። (የመቼቶቹን ስም እዚህ በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው፤ ስትተይብ ወደ ላቲን መልሰው።) በዚያ አካውንት የወጡትን ለይተህ ቁጥሩን ተመልከት። 100፣ 200፣ 500 እያለ ከሆነ አለቃህ ልክ ነው። 1፣ 1፣ 1 እያለ የሚሄድ ከሆነ ግን የ20 ገደብ አንዱንም አያስቆምልህም።

የዛሬ ስፓም ላኪ አንድ ሜይል ለ500 ሰው አይልክም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይልካል። የተቀባዩን ስም ያስገባል፣ ርዕሱን ትንሽ ይለዋውጣል፣ ማጣሪያ እንዳይይዘው። በአንድ ሜይል የሚገባውን ተቀባይ ብቻ መገደብ «ጆንያው ከ60 ኪሎ አይበልጥም» እንደማለት ነው። ሌባው ሌሊቱን ሙሉ በፌስታል ካመላለሰ መጋዘኑ ባዶ መሆኑ አይቀርም።

መቆጠር ያለበት ሌላ ነገር ነው። አንድ አካውንት በአንድ ሰዓት ውስጥ በድምሩ ለስንት ተቀባይ ላከ? በአንድ ሜይልም ይሁን በሺህ ሜይል።

አወቱ_ማዶ · ሰኞ ጠዋት 5:05

አየሁት። መጀመሪያ ላይ ባለ 40 እና ባለ 50 የሆኑ ጥቂት አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ድረስ ሁሉም 1 ነው። የገረመኝ ደግሞ የገባበት አይፒ ነው። አንድ ቦታ አይደለም። በየጥቂት ደቂቃው ይቀያየራል፤ አገሩም ይለያያል።

ሂርማታ_ኔት · ሰኞ ቀን 6:10

እኔ በዚህ ጉዳይ አልስማማም። 300 አካውንት ይዞ ፖስትፊክስ ማስታመም ምን ይጠቅማል? ጎግል ዎርክስፔስ ወይም ማይክሮሶፍት 365 ግቡና ተገላገሉ። ገደቡም ብላክሊስቱም የእነሱ ራስ ምታት ይሆናል። እኔ መርካቶ ሱቄ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የምለው ይሄንን ነው።

ወረፋ_ጠባቂ · ሰኞ ቀን 6:35

ሂርማታ፣ ምክርህ መጥፎ አይደለም። የራስን ሰርቨር መያዝ ግዴታ አይደለም። ግን በየወሩ ለ300 ሰው በዶላር መክፈል ለሁሉም ድርጅት ቀላል አይደለም። ደግሞ እዚያ ስትሄድ ገደቡ አይቀርም፤ የሚያወጣው ሰው ነው የሚለወጠው። ተራ ጂሜይል በቀን 500 አካባቢ ነው። ዎርክስፔስ ለአንድ ተጠቃሚ በቀን 2000 ሜይል ይላል። ማይክሮሶፍት 365 በቀን 10,000 ተቀባይ፣ በአንድ ሜይል ደግሞ ዲፎልቱ 500 ሆኖ አስተዳዳሪው እስከ 1000 ሊያደርሰው ይችላል። እነዚያ ሁሉ መሐንዲሶች የየቀኑን ድምር ለብቻው የሚቆጥሩት የመልእክቱ ገደብ ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

አወቱ፣ አይፒው መቀያየሩን ማየትህ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፖስትፊክስ ራሱ የፍጥነት ገደብ አለው። «ኤስኤምቲፒዲ_ክላየንት_ሪሲፒየንት_ሬት_ሊሚት» ይባላል። በደቂቃ ስንት ተቀባይ የሚለውን ይቆጥራል፤ ዲፎልቱ 0 ነው፣ ገደብ የለም ማለት ነው። ሰው ይሄን ያገኝና «በቃ ተገላገልኩ» ይላል። አልተገላገለም። ሦስት ጉድ አለበት።

አንደኛ፣ የሚቆጥረው በአይፒ ነው። ማን ሎግኢን እንዳደረገ አያይም። የተሰረቀው አካውንት ከመቶ አይፒ ከገባ፣ እያንዳንዱ አይፒ ትንሽ ትንሽ ልኮ ከገደቡ በታች ያልፋል። ቅዳሜ የሆነብህ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሮህ ውስጥ ያለው አውትሉክ ሁሉ በአንድ ራውተር በኩል ወጥቶ ሰርቨሩ ጋ በአንድ አይፒ የሚደርስ ከሆነ፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሂሳብ ክፍሉ፣ ኤክስፖርቱ፣ ጥራት ቁጥጥሩ አንድ ላይ ሲልኩ ገደቡ ይነካና ምንም ያላጠፋ ሰው ይታገዳል። ሌባው ያልፋል፣ ሠራተኛው ይታሰራል።

ሦስተኛው ነው ክፉው። ራውንድኪዩብ ያለው ሰርቨሩ ላይ ከሆነ ሜይሉ የሚመጣው ከ127.0.0.1፣ ማለትም ከራሱ ከሰርቨሩ (ሎካልሆስት) ነው። ያ ደግሞ «ማይኔትወርክስ» በሚባለው፣ ፖስትፊክስ የሚያምናቸው አይፒዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ማይኔትወርክስ ውስጥ ያለ ሁሉ ከዚህ ገደብ በዲፎልት ነፃ ነው። ስለዚህ በዌብሜይል የገባ ሌባ ገደቡን ጭራሽ አያየውም። የእናንተ ሰው ደግሞ አብዛኛው ዌብሜይል ነው የሚጠቀመው ብለሃል።

ጅሬን_ላይ · ሰኞ ቀን 7:20

ሦስተኛዋን ነጥብ እመሰክራለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ልረዳ ሄጄ ገደቡ በትክክል ተጽፎ፣ ሰርቪሱም ሪስታርት ተደርጎ፣ ስፓሙ ግን እንደ አወቱ ወንዝ ይፈስ ነበር። ሁሉም በዌብሜይል ነበር የወጣው። ሎጉ ላይ ከሎካልሆስት በስተቀር ምንም አይታይም።

አንድ ሌላ ማምታቻም አለ። «ዲፎልት_ዴስቲኔሽን_ሪሲፒየንት_ሊሚት» የሚል መቼት አለ፤ ዲፎልቱ 50 ነው። ስሙን አይቶ «ተቀባይን መገደቢያ ይሄ ነው» የሚል ብዙ ነው። አይደለም። ያ ወደ ውጭ ሲላክ በአንድ ማድረሻ ስንት ተቀባይ አንድ ላይ ይጫን የሚለውን ነው የሚወስነው። 500 ተቀባይ ቢኖር በ50 በ50 ይከፋፍለዋል እንጂ ማንንም አያግድም።

መዝገብ_ቤት · ሰኞ ቀን 8:45

ልጆች፣ እኔ ኮምፒውተሩን እንደናንተ አላውቀውም። ግን በየመሥሪያ ቤቱ ይሄ ገደብ የሚባለው ነገር ሲመጣ የሚያሰቃየው እኛን ነው። የደመወዝ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የኢድና የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት የምልከው እኔ ነኝ። 300 ሰው አለ ብሏል ልጁ። በ20 በ20 ስልክ 15 ጊዜ ነው። ለማን ልኬ ለማን እንዳልላክሁ በምን አውቃለሁ? ባለፈው እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎብን በቢሲሲ ብሞክርም እምቢ አለኝ።

ወረፋ_ጠባቂ · ሰኞ ቀን 9:05

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ሰርቨሩ ቱ፣ ሲሲ፣ ቢሲሲ ብሎ አይለይም። ለእሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ተቀባይ ነው፣ ስለዚህ ቢሲሲም ይቆጠራል። ለእርስዎ መፍትሄው ገደቡን ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ለብዙ ሰው የሚላከውን ሌላ በር መስጠት ነው። ጅሬን፣ አንተ ጻፍላቸው፣ የእኔ እጅ ደከመ።

ጅሬን_ላይ · ሰኞ ቀን 9:40

እሺ። አንድ አድራሻ ይፈጠራል፣ ለምሳሌ «ሁሉም ሠራተኛ» የሚባል። እትዬ ለዚያ አድራሻ ብቻ ይልካሉ። ፖስትፊክስ ሜይሉን ሲቀበል የሚያየው አንድ ተቀባይ ነው፤ ወደ 300 የሚዘረጋው ከተቀበለ በኋላ፣ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ የመልእክቱ ገደብ 20ም ቢሆን 50ም ቢሆን አይነካቸውም። ዝርዝሩን አይቲ ያስተካክላል፣ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ይጨምራል፣ የለቀቀውን ያወጣል።

ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ሊልክበት ከቻለ ለስፓም ላኪው ሥራውን አቀለልንለት ማለት ነው። አንድ ሜይል ልኮ 300 ሰው ያገኛል፣ ቆጣሪውም 1 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ማን ይላክበት የሚለው ይወሰን። ፖስትፊክስ ለዚህ «ሪስትሪክሽን ክላስ» የሚል ዘዴ አለው፤ መመሪያው ላይ ይሄው የውስጥ ዝርዝርን መጠበቅ እንደ ምሳሌ ተቀምጧል። መዝገብ ቤት፣ ሰው ሀብትና ሥራ አስኪያጁ ብቻ፣ ያውም ሎግኢን አድርገው። «ከ» የሚለውን አድራሻ ብቻ አይቶ መፍቀድ ዋጋ የለውም፣ ማንም ከውጭ ሆኖ የሥራ አስኪያጁን አድራሻ ሊጽፍ ይችላል።

ዝርዝሩ የውጭ ደንበኛም የሚጨምር ከሆነ ሜይልማን የሚባለው የሜይል ዝርዝር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ይሻላል። ሰው ራሱ ይመዘገባል፣ ራሱ ይወጣል፣ የማይሠራ አድራሻም ውሎ አድሮ በራሱ ይወገዳል።

መዝገብ_ቤት · ሰኞ ቀን 9:58

እንደዚህ ከሆነማ ገደባችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። እኔን አንድ አድራሻ ስጡኝ።

ሂርማታ_ኔት · ሰኞ ቀን 10:30

የመልካም ምኞቱን ፋይል ግን አሳንሱት ለእግዜር። 5 ሜጋ የሆነ ፖስተር ለ300 ሰው ሲላክ የቢሮው ኢንተርኔት እስከ ከሰዓት በኋላ አይነሳም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በአንድ ሜይል የሚለውን ገደብ ጨርሶ ተዉት ነው የምትሉት? ካልጠቀመ ለምን ይቀመጣል? ከጠቀመ ደግሞ ለምን 5 አይደረግም?

ወረፋ_ጠባቂ · ሰኞ ማታ 1:15

ይጠቅማል፣ ግን ለሌላ ነገር። 200 ደንበኛ ቱ ላይ ደርድሮ የሁሉንም አድራሻ ለሁሉም የሚያሳይ ሠራተኛ በየቢሮው አለ። እሱን ያስቆመዋል። «ሪፕላይ ኦል» (ለሁሉም መልስ) የሚመታውንም ያስቆመዋል።  ለዚህ 50 ጥሩ ቁጥር ነው ብዬ አስባለሁ። 20 ትንሽ ጠባብ ነው። 5 ደግሞ ሰው ወደ ግል ጂሜይሉ እንዲሸሽ ማድረግ ነው፤ ከዚያ የድርጅቱ ኮንትራት በማን ሜይል እንደሚመላለስ ማወቂያም አይኖርም።

ግን ይሄን ገደብ የት ላይ ታደርገዋለህ የሚለው ወሳኝ ነው። 587 ፖርት (የሰርቨሩ በር) የራስህ ሰዎች ሎግኢን አድርገው የሚልኩበት ነው። 25 ሌሎች ሰርቨሮች ወደ አንተ የሚያመጡበት ነው። የፖስትፊክስ ዋና መቼት ያለበት ሜይን ፋይሉ ላይ 50 ብለህ ከጻፍህ ሁለቱንም ይይዛል። የሜይል አሠራሩን የሚደነግገው አርኤፍሲ 5321 ደግሞ አንድ ሰርቨር ቢያንስ 100 ተቀባይ መቀበል አለበት ይላል። ስለዚህ 25ን እንደነበረ ተወው። እያንዳንዱ ፖርት ለብቻው በሚዘጋጅበት ማስተር ፋይሉ ላይ 587 በሚለው ሥር ብቻ 50 በል። ራውንድኪዩብም በ587 በኩል፣ በተጠቃሚው ስም ሎግኢን አድርጎ እንደሚልክ አረጋግጥ። አንዳንድ አሮጌ አተካከል ያለ ሎግኢን ነው የሚልከው፤ ያኔ ማን እንደላከ አታውቅም፣ መቁጠርም አትችልም።

በነገራችን ላይ ገደቡ ሲነካ የሚመጣው መልስ 452 ነው። ላኪው ሌላ ሰርቨር ከሆነ የተፈቀዱለትን አድርሶ ቀሪውን ቆይቶ ይሞክራል። አውትሉክ ግን እንዲህ አያደርግም። ስህተት ብሎ ለሰውየው ፊቱ ላይ ያወጣዋል። ስልክህ እንደሚጮህ ጠብቅ።

ፋይል_ቁጥር · ሰኞ ማታ 2:00

ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። የዚህ ነገር ታሪክ ደስ ይለኛል። በፈረንጆቹ ግንቦት 3 ቀን 1978 ጋሪ ቱርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩፕመንት ኩባንያ የሽያጭ ሰው የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ ለ400 ያህል ሰው የኮምፒውተር ማስታወቂያ ላከ። የመጀመሪያው ስፓም ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። የሚያስቀው፣ አድራሻው በዝቶ ከተቀባይ መስመሩ ሞልቶ ፈሰሰና የተረፈው የመልእክቱ ሆድ ውስጥ ገባ። ገደብ ሳይታሰብ በራሱ መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ያው «ሪፕላይ ኦል» ነው። ጥቅምት 1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ «ቤድላም ዲኤል3» በሚባል 13,000 ያህል ሰው ባለበት ዝርዝር ላይ አንዱ «ከዚህ አውጡኝ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «እኔንም» አለ። ሌላው ደግሞ «ለሁሉም መመለስ አቁሙ» ብሎ ለሁሉም መለሰ። በግምት 15 ሚሊዮን ሜይል ሆነና ሰርቨሮቹ ተዘረሩ። ከዚያ በኋላ ነው የማይክሮሶፍት ሜይል ሰርቨር በሆነው ኤክስቼንጅ ላይ በአንድ መልእክት የተቀባይ ገደብ የተጨመረው። እንደምታዩት ያ ገደብ የተወለደው በራስ ሠራተኛ ምክንያት ነው፤ በሌባ አይደለም። ወረፋ ጠባቂ ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ለአወቱ አለቃ ደግሞ፦ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ስለ አይፈለጌ መልእክት ነው። ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ሜይል መበተን ያስጠይቃል። ማርኬቲንግ ክፍል «አድራሻ ገዝተን እንላክ» ቢል አንቀጹን አሳዩት።

አወቱ_ማዶ · ማክሰኞ ጠዋት 2:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋላቶማ። አሁን የቀረኝ ዋናው ነው። በአካውንት መቁጠር በምን ይሠራል? ፖስትፊክስ ብቻውን አይችልም ማለት ነው?

ወረፋ_ጠባቂ · ማክሰኞ ጠዋት 4:00

ፖስትፊክስ ራሱ አይቆጥርም፣ ሌላ ፕሮግራም ይጠይቃል። ፖሊሲ ሰርቪስ ይባላል። እያንዳንዱ ሜይል ሲመጣ «ይሄ ተጠቃሚ፣ ከዚህ አይፒ፣ ለዚህ ያህል ተቀባይ እየላከ ነው፣ ምን ልበለው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያ ፕሮግራም ቆጥሮ ይመልሳል። ፖሊሲዲ አለ፣ ፖስትኤፍደብሊውዲ አለ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠቀመው። አንድ መስመር ሕግ ይበቃል። «በሎግኢን ስም ቁጠር፣ በ3600 ሰከንድ ከ100 ተቀባይ ካለፈ መልስ» ነው የሚለው።

የምታያይዝበትን ቦታ ልብ በል። ብዙ ሰው ሌሎቹ ማጣሪያዎች ያሉበት የተቀባይ ደረጃ ላይ ይሰካዋል። እዚያ ላይ ፖስትፊክስ ጠቅላላ የተቀባዩን ብዛት ገና አያውቅም፣ ለፕሮግራሙ 0 ብሎ ነው የሚነግረው። ሕጉ የሠራ ይመስላል፣ አይሠራም። «ኤስኤምቲፒዲ_ኤንድ_ኦፍ_ዳታ_ሪስትሪክሽንስ» ላይ አድርገው። ያኔ ቁጥሩ ሙሉ ነው። ከፊቱም «ማይኔትወርክስን ፍቀድ» የሚል እንዳታስቀድም፣ ዌብሜይሉ እንደገና ያመልጥሃል።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ድረገጻችሁ እዚያው ማሽን ላይ ካለና የ«አግኙን» ፎርሙ በቀጥታ ከውስጥ የሚልክ ከሆነ በዚህ በር አያልፍም። እሱን ለብቻው አካውንት ስጠውና በ587 ይላክ።

ጅሬን_ላይ · ማክሰኞ ጠዋት 4:25

100 የሚለውን እንዳለ አትቀበል። የአንድ ወር ሎግ አውጣና ማን በሰዓት ስንት እንደሚልክ እይ። የደመወዝ ሰሞንና የበዓል ሰሞን የገባበት ወር ይሁን። ኤክስፖርት ክፍል የዋጋ ዝርዝር በሚልክበት ቀን ከሌላው የትና የት ይለያል። ለእነሱ ለብቻ ከፍ ያለ ሕግ ጻፍ።

የማታ ሕግም ጨምር። ፖስትኤፍደብሊውዲ በሰዓት መለየት ይችላል። ማታ ከ2 እስከ ጠዋት 12 ገደቡ ይውረድ። ግን ሰርቨሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 20:00 እና 06:00 ብለህ ነው የምትጽፈው። 02:00 እና 12:00 ብሎ ጽፎ ጠዋቱን ቢሮውን በሙሉ ያገደ ሰው አይቻለሁ።

ሂርማታ_ኔት · ማክሰኞ ጠዋት 4:50

ገደቡን ያለፈ ሜይል ምን ይሁን? መመለስ ወይስ ማቆየት? ፖስትፊክስ «ሆልድ» የሚባል ነገር እንዳለው አውቃለሁ። ሜይሉ ተቀባይነት ያገኛል፣ ግን ታሽጎ ይቀመጣል፣ አስተዳዳሪው አይቶ ይለቀዋል። ለእኔ ያ ይሻላል፣ ሠራተኛው አይበሳጭም።

ወረፋ_ጠባቂ · ማክሰኞ ጠዋት 5:10

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እሁድ ማን ያየዋል? ሠራተኛው «ተልኳል» ብሎ ይሄዳል፣ የገዢው ሰነድ ሰኞ ድረስ ታሽጎ ይቆያል። ሐምሳ ጊዜ ብትመልስለት ይሻላል፣ ቢያንስ አለመድረሱን ያውቃል። እኔ ቀን ላይ መመለስ፣ ሌሊት ላይ ሆልድ ነው የማደርገው። ሌሊት ገደብ የሚነካው ብዙውን ጊዜ ሌባ ነው፤ ጠዋት ላይ ናሙናው እጄ ላይ ስለሚኖር ምን ሊልክ እንደነበር አያለሁ።

ደግሞ አትዘናጋ። ገደብ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ፓስወርድ አያስመልስም። ያ ሠራተኛ ፓስወርዱን የት እንደሰጠ ጠይቀው። «ሜይልህ ሞልቷል፣ እዚህ ግባ» የሚል ሜይል ደርሶት ከሆነ ለሌሎቹም ደርሷል።

አወቱ_ማዶ · ሐሙስ ማታ 1:30

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። 587 ላይ በአንድ ሜይል 50፣ 25 ላይ እንደነበረው። በሰዓት ለተራ አካውንት 100፣ ለኤክስፖርት 250፣ ማታ ለሁሉም 30። «ሁሉም ሠራተኛ» የሚለው አድራሻ ተከፍቷል፣ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚልክበት። ራውንድኪዩቡ እንዳላችሁት ያለ ሎግኢን ነበር የሚልከው፣ ተስተካክሏል። አለቃዬ 20 ለምን አልሆነም ሲለኝ የቅዳሜውን ሎግ ባለ 1 መስመሮች አሳየሁት። ዝም አለ። «ሜይልህ ሞልቷል» የሚለው ሜይልም ተገኝቷል፤ ሂሳብ ክፍል ሁለት ሰው ከፍቶታል። ፓስወርዳቸው ተቀይሯል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የስህተት መልእክቱን በአማርኛ ስጽፈው አውትሉክ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ገደብ የነካ ሲኖር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጅሬን_ላይ · ሐሙስ ማታ 1:55

የሰርቨር መልስ በመሠረቱ አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት) ብቻ ነው፣ የግዕዝ ፊደል አይችልም። አማርኛውን በላቲን ፊደል አጭር አድርገህ ጻፈውና የቢሮህን የውስጥ ስልክ ቁጥር ጨምርበት። ሰው የሚያየው ቁጥሯን ነው።

ማንቂያውን በሜይል አታድርገው። ብላክሊስት ስትገባ ማንቂያህም አብሮ ይታገዳል። ቴሌግራም ቦት ይሻላል። ሎጉን የሚያይ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍ፣ የገደቡ ቃል ሲመጣ የአካውንቱን ስምና ሰዓቱን ወደ ስልክህ ይላክ። አንድ አካውንት በተከታታይ ከነካ ደግሞ ስክሪፕቱ ራሱ አካውንቱን ይዝጋው፤ አንተ ተኝተህ ሊሆን ይችላል።

መዝገብ_ቤት · ዓርብ ጠዋት 3:10

አወቱ፣ እኛም ቢሮ የአንተን ዓይነት አድራሻ ከፈቱልኝ። የወቅት ሠራተኞችስ ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ እየተባለ ክርክር ላይ ነን። እናንተ ጋ ምን አደረጋችሁ?

አወቱ_ማዶ · ዓርብ ጠዋት 3:25

እትዬ፣ እኛ ለብቻ ነው ያደረግናቸው። የመጋዘንና የለቀማ ሠራተኛ አብዛኛው ሜይል የለውም፣ ላለው ሁለተኛ አድራሻ ከፍተናል። ወቅቱ ሲያልቅ አድራሻውን እንዘጋዋለን፤ አካውንቶቹንም አብረን። ቅዳሜ የተሰረቀው አካውንት ባለቤቱ ከለቀቀ የቆየ ሠራተኛ ነበር።

ወረፋ_ጠባቂ · ዓርብ ጠዋት 3:40

ይሄንን ሰኞ ብትነግረን ኖሮ ግማሹን ባልጻፍነው ነበር። የለቀቁትን አካውንት ዛሬውኑ ቁጠርና ዝጋ።

ቀዩ_መብራት · ዓርብ ጠዋት 3:44

ጄኔሬተሩ ነፃ ወጣ።